የገለቴ ቤት አድራሻ

ገለቴ ባይሳን ሱሉልታ ላይ የሚያውቃት ሁሉ «ሯጯ» ይላት ነበር፤ ከሮጠች ግን ዘመን አልፏል። በወጣትነቷ አዲስ አበባ ለሚገኝ አንድ ክለብ ሮጣለች። ስሟ በጋዜጣ አልወጣም፣ በሬዲዮም አልተጠራም። ጉልበቷ ሲከዳት ቱታዋን አጥፋ በሻንጣ ከተተችና ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች። ሌላ ሰው ቢሆን ቂም ይይዝ ነበር። እሷ ግን ከሩጫው ይልቅ ሜዳውን ሳትወድ አትቀርም። ማለዳ ጤዛውን እየረገጡ የሚያልፉትን ሯጮች ደጃፏ ቆማ ታያለች፤ የማን እስትንፋስ እንደተስተካከለ፣ የማን ተረከዝ እንደሚጎተት ለራሷ ትናገራለች፤ ከዚያ ወደ ሥራዋ ትገባለች።

ሥራዋ እንግዳ ማሳደር ነው። የሱሉልታ አየር ስስ ነው፤ ሳንባ ያጠነክራል ተብሎ ፈረንጅ ሯጮች በበጋ ይመጣሉ። አንድ ሽማግሌ የዴንማርክ አሠልጣኝ የሚያሠለጥናቸውን ልጆች ይዞ በየዓመቱ ኅዳር ላይ ይመጣ ነበር። በእሱ ተማምና ነው ገለቴ ከአባቷ በተሰጣት ቁራሽ መሬት ላይ ስድስት ክፍል የሠራችው።

መሬቱ ሲሰጣት ወረቀት አልተጻፈም። በዚያ ሰፈር ወግ አባት ለልጁ መሬት ሲሰጥ ሽማግሌዎች ይጠራሉ፤ እርጥብ ሣር ይያዛል፤ አባት ድንበሩን በአፉ ይናገራል፤ ድንበርተኛውም ያንኑ ቃል ደግሞ «ሰምቻለሁ» ይላል። ኦቦ ባይሳ በዚያ ቀን ከተቀመጡበት ተነስተው፣ «በፀሐይ መውጫ ወንዙ፣ በፀሐይ መግቢያ የገርባ ባሕር ዛፍ፣ ከላይ የእንጦጦ ጀርባ፣ ከታች የመኪናው መንገድ፤ የሱሉልታ መሬት ነው፤ ለልጄ ለገለቴ ሰጥቻለሁ» አሉ። ድንበርተኛቸው ኦቦ ገርባ፣ በነገር መውጋት ልማዳቸው የሆነ ሰው ናቸው፤ በዚያ ቀን ግን አልቀለዱም። ቃሉን አንድ ሳያጎድሉ ደግመው «ሰምቻለሁ» አሉ። ለገለቴ የቀራት ነገር ድንበሩን እሷም በአፏ መናገር ነበር። እሷ ግን እንባ ተናንቋት ራሷን ብቻ ነቀነቀች። ሽማግሌዎቹ አለፏት፤ ልጅ ናት፣ ደስ ብሏት ነው፣ ተባለ።

ከዚያ የዴንማርኩ አሠልጣኝ ታመመና ቀረ። አንድ በጋ ጥቂት እንግዶች መጡ፤ በሚቀጥለው ከዚያም አነሱ። ክፍሎቹ ተቆልፈው መዋል ጀመሩ። ኦቦ ባይሳ ዱላቸውን ተደግፈው በቤቶቹ ፊት ሲያልፉ፣ «ባዶ ቤት ጠያቂ ያበዛል» ይሉ ነበር። ነገሩ የሽማግሌ ስጋት ብቻ አልነበረም። ከመንገዱ ማዶ የነበረው የጎረቤት ማሳ በቆርቆሮ ታጥሮ የማን እንደሆነ የሚያውቅ ጠፍቷል። ሱሉልታን ወደ አዲስ አበባ ያካልላል የተባለው ማስተር ፕላን ቀርቷል ተብሎ በዚያ ዓመት ጥር ላይ በሬዲዮ ተነግሮ ነበር፤ ግን ሞቷል የተባለው እባብ ጅራቱ ሲንቀሳቀስ ያየ ሰው በሬዲዮ አያምንም። ፕላኑን የተቃወሙት ወጣቶች መንገድ መዝጋታቸውን አልተዉም፣ ወታደሩም ከመንገዱ አልወጣም።

በዚያ ክረምት አንድ ቆዳ ጫማ ያደረገ ደላላ መጣ። ክፍሎቹን በመስኮት ተራ በተራ አየና፣ ሰው ካልገባባቸው ለመጋዘን ቢሸጡ እንደሚሻል፣ ገዥም እንዳለው ለኦቦ ባይሳ ነገራቸው። አዛውንቱ እንግዳ ይመጣል ብለው መለሱለት። ደላላውም በትሕትና እጅ ነስቶ፣ ኅዳር ላይ ተመልሶ እንደሚጠይቅ ተናገረ። ገለቴ በዚያ ቀን ነው ኅዳር የሚባለው ወር ገመድ ሆኖ አንገቷ ላይ የገባው። ኅዳር ሳይመጣ እንግዳ ካልመጣ፣ የአባቷ «ይመጣል» ውሸት ሊሆን ነው።

መላ ያመጣችላት የወይንሐረግ ናት። የወይንሐረግ ከአዲስ አበባ ኪራይ ሸሽታ ሱሉልታ የገባች፣ ጧት ጧት በታክሲ እንጦጦን ወጥታ ቢሮ የምትውል ጎረቤቷ ናት። «ፈረንጅ ዛሬ ሰው አይጠይቅም፤ ጎግልን ነው የሚጠይቀው» አለቻት። ጎግል ላይ ስም የሚያስጠሩ፣ ፈላጊና ተፈላጊ የሚያገናኙ ድርጅቶች መኖራቸውን ነገረቻት፤ የሁለት ድርጅቶች ስልክ ሰጠቻት። አንዱ ቦሌ ነው፣ ሌላው ቡራዩ።

ገለቴ መጀመሪያ የሄደችው ቦሌ ነበር። የድርጅቱ ባለቤት ዮኒ ይባላል፤ ፈጣን፣ ሳቂታ፣ ሲናገር ወንበሩን የሚያሽከረክር ሰው። ችግሯን እስከ መጨረሻው ሰማት። ከዚያ ኮምፒውተሩን ወደ እሷ አዞረና «ሱሉልታ» ብሎ ጻፈ። ማያው ላይ የጎማ ጭስ መጣ፤ የተቃጠለ የጭነት መኪና፣ ለተቃውሞ እጁን ከራሱ በላይ ያጣመረ ሕዝብ፣ ባዶ መንገድ ላይ የተደረደረ ድንጋይ። ገለቴ ድንጋዮቹን አወቀቻቸው፤ ወደ ጫንጮ በሚወስደው መንገድ፣ ከቤቷ ብዙም አይርቁም።

«ይኸውልሽ ሱሉልታ» አላት። አጥፍቶ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ለሯጮች የሚሆን ማረፊያ ብሎ ጻፈ። ያማሩ ሆቴሎች፣ አረንጓዴ ሜዳ፣ የሚስቁ ሰዎች መጡ። «ሰዉ ያለው እዚህ ነው፣ ገልዬ። ሱቅ የሚከፈተው ሰው ባለበት ነው።»

ቤቷ አዲስ አበባ እንዳልሆነ ነገረችው።

«ከእንጦጦ ማዶ ነሽ። ለፈረንጅ ያው ነው።»

«ለእኛ ያው አይደለም።»

ዮኒ ወንበሩን ማሽከርከር ተወ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሰፈሩን ነገር እንደሚያውቅ፣ እሱም በተቃውሞው የሞቱትን ልጆች ስም እንደሰማ ነገራት። ነገር ግን በአዲስ አበባ ስም የሚወጣው ማስታወቂያ በእንግሊዝኛ ነው፤ ለውጭ ሰው ብቻ ይታያል። «ሱሉልታ ውስጥ ማን ያየዋል?» አለ። ደግሞ ጎግል በብር አይከፈልም፤ ስዊድን ያለው ታላቅ ወንድሙ በራሱ ካርድ ይከፍላል፣ ሥራውንም የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። እሷ ስልኳን ይዛ እንግዳ መጠበቅ ብቻ ነው።

ቡራዩ የሄደችው በሌላ ቀን ነው። ሱሉልታና ቡራዩ አንድ ተራራ ተደግፈው ጀርባ ለጀርባ የተቀመጡ ጎረቤት ከተሞች ናቸው፤ ከአንዱ ወደ አንዱ ለመሄድ ግን እንጦጦን ተሻግሮ አዲሱ ገበያ መውረድ፣ አስኮ ደርሶ ታክሲ መቀየር ግድ ነው። ገለቴ በመስኮት እያየች፣ ጎረቤት ለመጠየቅ እንኳን በአዲስ አበባ በኩል ማለፍ አይቀርም ብላ አሰበች፤ ሐሳቡ ግን አላጽናናትም።

ሊቤ ከአንድ የብረታ ብረት ሱቅ በላይ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚሠራ፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ ያጣበትን ዘመን በዚህ ሥራ ያሳለፈ ሰው ነው። «አካም ጅርቱ፣ አዴ ገለቴ» ብሎ ተቀበላት። ስለ ሜዳው ጠየቃት፤ ሯጮቹ በየትኛው ጭቃ ላይ ጧት፣ በየትኛው አቀበት ላይ ማታ እንደሚሮጡ ጠየቃት። ዮኒ ይህን አልጠየቀም ነበር። ሊቤ የሚያስበው በሱሉልታ ስም ገጽ መሥራት፣ የሯጮቹን ውሎ በፎቶና በጽሑፍ በየጊዜው ማውጣት፣ የስሙን ጭስ ቀስ እያሉ በሜዳ መሸፈን ነው። ጊዜ ይወስዳል።

«ምን ያህል?» አለችው።

«ዘንድሮ እንዘራለን፣ ከርሞ ወይም ከዚያ ወዲያ እናጭዳለን። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ።»

«የአንተ እንቁላል እስኪቆም የእኔ ቤት ይወድቃል።»

ሊቤ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ዋጠና፣ በአዲስ አበባ ስም የመጣ እንግዳ አዲስ አበባን ፍለጋ እንደሚመጣ ነገራት። «ስሙን አንዴ ካበደሩት መመለሱ ይከብዳል፣ አዴ» አላት።

እውነቱን እንደሆነ አውቃለች። አንዳንድ እውነት ግን ዝናብ ካለፈ በኋላ የሚመጣ ዘር ነው። ነሐሴ እያለቀ ነበር፤ ደላላው ኅዳር ብሏል። ገለቴ ከቡራዩ ስትመለስ አዲሱ ገበያ ላይ፣ የሱሉልታ ታክሲ እስኪሞላ ቆማ፣ ለዮኒ ደወለችና ይሁን አለችው። የአድራሻው ነገርስ ሲላት፣ «እንደሚሆን አድርገው» አለች። ስልኩን ዘግታ ታክሲው ውስጥ ስትገባ ረዳቱ «ሱሉልታ! ሱሉልታ!» እያለ ይጣራ ነበር።

ዮኒ አልዋሸም። በመስከረም መጀመሪያ ስልኳ መጮህ ጀመረ። ለኅዳር አንድ ቡድን፣ ለታኅሣሥ ሌላ ቡድን ይጠይቃል። ከሁሉ ቀድመው አንድ የፖላንድ ባልና ሚስት መጡ፤ ሁለቱም ሯጮች። ገለቴ አንሶላ ዘረጋች፣ መስኮት ከፈተች፣ ደስታ የሚመስል ነገር ተሰማት። ኦቦ ባይሳ እንግዳ መምጣቱን ሲሰሙ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው መጡ፤ ኦቦ ገርባም አብረው። ያ ወጋቸው ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ያረፈበትን መሬት ይነግሩታል፣ ይመርቁታል።

ኦቦ ባይሳ በኦሮምኛ ድንበሩን ተናገሩ። ወንዙን፣ ባሕር ዛፉን፣ ተራራውን፣ መንገዱን በዱላቸው አሳዩ። ገለቴ ልታስተረጉም አፏን ስትከፍት ሴትየዋ ቀደመቻት። ደስ ብሏት፣ እጇን ወደ ሜዳው ዘርግታ አንድ ዐረፍተ ነገር ተናገረች። ኦቦ ባይሳ እንግሊዝኛ አያውቁም፤ ከዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ግን ሁለት ቃላት ገቧቸው፤ አዲስ አበባ።

ዱላቸው ሜዳው ላይ እንደተዘረጋ ቀረ። ኦቦ ገርባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ባይሳ፣ ለካ አንተ ተካልለህ ጨርሰሃል» አሉ። «ታዲያ ለእኛ ለጎረቤቶችህ አትነግረንም? ከንቲባው ሲመጣ ወተት እንይዝ ነበር።»

ኦቦ ባይሳ ለእንግዶቹ ምርቃታቸውን ጨርሰው፣ ልጃቸውን ሳያዩ ሄዱ። ማታ ቤታቸው ሄዳ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ የደላላውን ኅዳር ፈርታ እንደነበር፣ ቦሌ ላይ አዲስ አበባ ተብሎ እንዲጻፍ መፍቀዷን። ኦቦ ባይሳ እሳቱን እያዩ ሰሙና፣ «መሬት የሚወሰድ መጀመሪያ በአፍ ነው፤ ችካሉ ኋላ ይመጣል» አሉ። ማስታወቂያውን አስጠፋዋለሁ ብላ ቃል ገባችላቸው።

በማግስቱ ለዮኒ ደወለች። ዮኒ አልተከራከራትም፤ ዛሬውኑ ለወንድሜ እጽፍለታለሁ አለ። ይጽፍለትም ይሆናል። ነገር ግን ያ ሳምንት ቢሾፍቱ ላይ በእሬቻ ቀን ሰው ያለቀበት ሳምንት ነበር። ሐዘኑ ወደ ቁጣ ሲዞር ሰዓታት አልፈጀበትም። ከሰበታ በኩል ጭስ ታየ፣ የቡራዩ መንገድ ተዘጋ ተባለ። የፖላንዶቹን ባልና ሚስት ኤምባሲያቸው ደውሎ ጠራቸው፤ የሩጫ ጫማቸው እንኳን በቅጡ ሳይቆሽሽ ሄዱ። የሞባይል ኢንተርኔትም ቀጥ አለ።

ወጣቶቹ የመጡት ረፋድ ላይ ነው። ከላይ በኩል እየዘፈኑ ወረዱና በቆርቆሮ ወደታጠረው ማሳ አቀኑ። ቆርቆሮው ሲገነጠል ገለቴ ግቢዋ ውስጥ ሆና ሰማች። ከዚያ አንደኛው ወደ እሷ በር ዞረ። ይህም ያው ነው፣ የአዲስ አበባ ነው፣ ኢንተርኔት ሳይዘጋ በስልኬ አይቼዋለሁ፣ ይላል። ሱሉልታ ውስጥ ማን ያየዋል የተባለው ነገር በጆሮዋ ውስጥ አለፈ። ድምፁን አወቀችው፤ የዚያው ሰፈር ሰው ነው፣ በልጅነቱ ከሯጮቹ ኋላ ሲሮጥ ታየው የነበረ።

በሩን ከፍታ ስትወጣ ኦቦ ገርባ ከባሕር ዛፋቸው በኩል ቀድመው ደርሰዋል። በሕዝቡና በበሩ መካከል ዱላቸውን ተክለው ቆሙ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ ሽማግሌ ሲናገር ዝም ማለት ገና አልጠፋም ነበርና ሰው ጸጥ አለ።

«በፀሐይ መውጫ ወንዙ» አሉ በኦሮምኛ። «በፀሐይ መግቢያ የእኔ ባሕር ዛፍ። ከላይ የእንጦጦ ጀርባ፣ ከታች መንገዱ። ባይሳ ለልጁ ሲሰጥ ሰምቻለሁ።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ ገለቴ መለሱ። «አንቺ ግን ያኔም አልተናገርሽም። በይ፣ አሁን ተናገሪ።»

ገለቴ ተናገረች። ወንዙን፣ ባሕር ዛፉን፣ ተራራውን፣ መንገዱን። ድምፅዋ መሀል ላይ ሊቆም ፈልጎ ነበር፤ ገፋችው። «የሱሉልታ መሬት ነው» ብላ ጨረሰች። በስልኬ አይቼዋለሁ ያለው ልጅ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። ሕዝቡ እየተጉረመረመ ወደ መንገዱ ተመለሰ።

አመሰግናለሁ ልትል ስትጠጋ ኦቦ ገርባ ዱላቸውን ከመሬት ነቀሉ። «እኔን አታመስግኚኝ» አሏት። «ለእነሱ ያልሽውን ለዚያ ማሽንሽም ንገሪው።»

ማሽኑን ማግኘት ግን አልቻለችም። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ኢንተርኔቱ ተዘግቶ ቀረ። ዮኒ በደወለች ቁጥር ስልክ ያነሳል፤ የእሱም ቢሮ ሥራ ፈትቶ እንደተቀመጠ ያጫውታታል። ወንድሙን በስልክ አግኝቶታል፣ ያጠፋዋል፣ አጥፍቶታልም ይመስለዋል። የሚያይበት መንገድ ግን የለውም። እሷም የላትም። ስሟና የቤቷ ፎቶ አገሩን ለቀው ወጥተው፣ እሷ በማትደርስበት ቦታ በየሰው ማያ ላይ ቆመው፣ ያለ ፈቃዷ ይጣራሉ። ማስታወቂያው አለመጥፋቱን የምታውቀው ከውጭ ስልክ ሲደወል ብቻ ነው። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ደስታም ድንጋጤም እኩል ይይዛታል።

አንድ ቀን መንገድ ተከፍቷል ሲባል ወደ ቡራዩ ሄደች። ሊቤን አሁን የሱሉልታን ስም እንዲመልስላት ልትለምነው ነበር። በየኬላው ወርዳ ተፈተሸች። ኬላ ላይ የሚጠየቀው ያው አንድ ጥያቄ ነው፤ ከየት ነሽ? ሱሉልታ ስትል ወታደሩ መታወቂያዋን አገላብጦ ረዘም ላለ ጊዜ ያየዋል። የሊቤ ክፍል ተቆልፎ አገኘችው። የብረታ ብረቱ ሱቅ ባለቤት ሚስማር እየመዘኑ፣ ቀና ሳይሉ፣ «ተይዞ ተሐድሶ ገብቷል» አሏት፤ መቼ እንደሚወጣ ብትጠይቃቸው ሚስማሩን ከሚዛኑ አውርደው እንደገና መመዘን ጀመሩ።

ኅዳር ገባ። ለወሩ ክፍል የያዘው ቡድን አሠልጣኝ፣ ድምፅዋ ለስላሳ የሆነ የኖርዌይ ሴት፣ ደወለች። ገለቴ ግቢ ውስጥ ነበረች፤ ኦቦ ባይሳ ግድግዳውን ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። ሴትየዋ ልጆቹ ተዘጋጅተዋል፣ ቲኬትም ሊቆረጥ ነው አለች። አንድ ነገር ብቻ ማረጋገጥ ትፈልጋለች። መንግሥታችን ወደ ከተማው ዙሪያ አትሂዱ፣ ሱሉልታ ወደሚባል ቦታም እንዳትደርሱ ብሎናል፤ እናንተ ግን አዲስ አበባ ናችሁ፤ አይደለም?

ገለቴ ስልኩን ይዛ ቆመች። ስድስቱ በሮች ተሰልፈው ያይዋታል። አዎ ብትል ክፍሎቹ ይሞላሉ፤ ደላላው በመስኮት አይቶ ይመለሳል፤ የአባቷ «ይመጣል» እውነት ይሆናል። አባቷ ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ እንቅልፍ ግን አልያዛቸውም። ከዐረፍተ ነገሩ ውስጥ የሚገቧቸውን ቃላት ታውቃለች።

«ያለሁት ሱሉልታ ነው» አለች በእንግሊዝኛ።

ሴትየዋ ስለ እውነቱ አመሰገነቻት፤ ሰላም እንዲሆንላቸው ተመኘች፤ ዘጋች።

ኦቦ ባይሳ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ምን አለች?»

«አመሰገነችኝ፣ አባ።»

«ይመጣሉ?»

«አይመጡም።»

ኦቦ ባይሳ ወደ መንገዱ ተመለከቱ። ከወዲያ ማዶ፣ የተገነጠለው ቆርቆሮ በአዲስ ቆርቆሮ ተተክቶ በፀሐይ ያብረቀርቃል። ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ።

«እንግዲያው አንሶላዎቹን አውጥተሽ አስጪ» አሉ። «ከመንገድ የሚታይ ቦታ ይሁን።»

ገለቴ ገባችና ማንም ያልተኛባቸውን አንሶላዎች ከአልጋዎቹ ላይ ገፈፈች፤ ነክራ አጠበቻቸው፤ ከበሩ እስከ ባሕር ዛፉ በተወጠረው ገመድ ላይ አንድ በአንድ ሰቀለቻቸው። በሚቀጥለው ሳምንትም እንደዚያው አደረገች፤ ከዚያ በኋላም። ከጫንጮ የሚመጣ መኪና ሲያልፍ ተሳፋሪው በመስኮት አይቶ፣ የሯጯ ቤት ዘንድሮ እንግዳ በዝቶበታል ይላል።